ከነጩ ምሰሶ ወዲያ

ኖትቡርጋ ነገሩን የሰማችው መስማት ፈልጋ አልነበረም። የተከራዩት የእረፍት ቤት ግድግዳው ስስ ሳንቃ ነው። በሳምንት ዘጠኝ መቶ ዩሮ እየተከፈለበት፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው ከጎን ባለው መኝታ ክፍል የሚንሾካሾኩትን ቃል በቃል ይሰማል። ልጇ ሩፐርት ሚስቱን ዊብከን እንዲህ ይላታል፦ «እማዬ ባሕር ዳር አትምጣ። አታውቂያትም፤ እዚያ ያለውን ብታይ ታለቅሳለች። ከእናትሽ ጋር ማታ ራት ላይ ይተዋወቃሉ፣ ሁሉም ልብሱን ለብሶ።» ዊብከም «እሺ በቃ፣ ምስኪን» አለች። ምስኪን የተባለችው ሴት የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንዳደረገች መስታወት ውስጥ ራሷን አየች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀሰችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ባሏ አሎይስ ባለፈው ኅዳር ሲቀበር እንኳ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ የተንሰቀሰቀው ልጇ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

ቁርስ ላይ ያን ወሬ ማንም አላነሳም። ዊብከ እንቁላል ቀቀለች፤ ሩፐርት ቅቤውን እስከ ዳቦው ጠርዝ ድረስ በጥንቃቄ ይቀባል። ይኼ የአባቱ አመል ነው፤ አሎይስም በሆዱ ነገር የያዘ ቀን ቅቤ መቀባት ያበዛ ነበር። ከዚህ ርቆ በደቡብ፣ ቲሮል ተራራ ላይ ባለው ቤታቸው ዝምታ እንደ አንድ ከባድ ቁም ሣጥን ነው፤ ማንም ከቦታው አያነሳውም፣ ሁሉም ዞሮት ያልፋል። «እማ፣ ዛሬ ዕረፍት አድርጊ» አለ ሩፐርት ዓይኑን ከዳቦው ሳያነሳ። «ባቡሩ አድክሞሻል። እኛ ትንሽ ንፋስ ተቀብለን፣ ለእናቷም ዓሣ አድርሰን እንመለሳለን። መጽሔት አለልሽ።» ኖትቡርጋም «መጽሔት አለልኝ» አለች። ዊብከ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ደግ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ፊቷና ክንዷ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ስትስቅ ቤቱን የምትሞላ። ከሸሚዟ ሥር የለበሰችው የዋና ልብስ ማሰሪያ አንገቷን እየከረከራት ደጋግማ ታላላዋለች። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ነው የምትመስለው።

እነሱ ከወጡ በኋላ ኖትቡርጋ መጽሔቱን ከፈተች። ስለ ዱባ ሾርባ ነበር። ዘጋችው። እዚህ ላይ ስለዚች ሴት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ የማወቅ አመል አለባት። በልጅነቷ የአባቷን የግድግዳ ሰዓት ውስጡን ለማየት ፈታታዋለች፤ ካህኑን «መላእክት ሲቀዘቅዛቸው ምን ይለብሳሉ?» ብላ ጠይቃ በጥፊ ተመታለች። ካገባች በኋላ እሷና አሎይስ ከላሞቻቸው ሌላ ለጎብኚ የሚያከራዩዋቸው አራት ክፍሎች ነበሯቸው፤ በጋ በመጣ ቁጥር ከሰሜን የሚመጡት እንግዶች ሰገነቱ ላይ ልብሳቸውን ጥለው ፀሐይ ሲሞቁ አሎይስ «አንቺ፣ ወደ ውስጥ!» ይላታል፣ እሷም ትገባለች፤ ገብታም አንሶላ ታጥፋለች። ያኔ ያላየችው ነገር ሁሉ እንዳልተከፈለ ዕዳ ዛሬ ድረስ ያሳክካታል። እና አሁን በገዛ ልጇ አፍ «ታለቅሳለች» ተባለች። እዚያ ያለው ምን ቢሆን ነው የሚያስለቅሰው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ነሐሴም እያለቀ ነበር። ፎጣና አንድ ፖም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ገብታ መንገድ ጠየቀች። ሻጯ፣ ዱቄት የነካው ሽርጥ ያደረገች ወጣት፣ «የትኛውን ባሕር ዳር? በልብስ ወይስ ያለ ልብስ?» አለቻት፤ አጠያየቋ ነጭ ዳቦ ወይስ ጥቁር ዳቦ እንደማለት ነው። ኖትቡርጋ ጥቂት አሰበችና «ሰው የሚያለቅስበትን» አለች። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። «እናቴ፣ ንፋሱ ከተነሳ አሸዋው የማያስለቅሰው ማንም የለም። በጥዱ ጫካ ውስጥ ቀጥ ብለው ይሂዱ። ነጭ ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ወዲህ ይለብሳሉ፣ ከምሰሶው ወዲያ ያወልቃሉ።» ጫካው መውጫ ላይ አንድ ሰውዬ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ አሸዋ ላይ ለመውጣት ሦስት ዩሮ ይቀበላል። በሷ አገር ተራራ ላይ ለመቀመጥ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ከፈለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ወጣች።

በመጀመሪያ ያየችው አላስደነቃትም። ቤተሰብ፣ ኳስ፣ ጣሪያ ያላቸው የሸምበቆ ወንበሮች፣ ፀሐይ የላጠው አፍንጫ። ጥቂት ሴቶች ከላይ ያለውን ብቻ አውልቀው በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ኖትቡርጋ አላፊ አግዳሚ መስላ አየቻቸውና እነዚህ ሐሳባቸውን ገና ያልቆረጡ ናቸው ብላ አለፈች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ቆመች። ግንብ ይኖራል፣ ቢያንስ ገመድ ይኖራል ብላ ነበር። ምንም የለም። አንድ እንጨት፣ ላዩ ላይ አንዲት ሰሌዳ፣ ከዚያ ያው አሸዋ፣ ያው ውሃ፣ ያው የባሕር ወፍ። ከወዲያ ያሉት ግን እንደተፈጠሩ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣና መነጽር ብቻ አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። አንዱ ቦርጫም የንፋስ መከለያ ሸራውን እንጨት በመዶሻ ይተክላል፤ ከጫማ በቀር ምንም የለውም። ሁለት አሮጊቶች ድንች ሰላጣ ከአንድ ሣህን እየተካፈሉ ስለ አንድ ጥርስ ሐኪም ያማሉ። ማንም አይጮህም፣ ማንም አያፍርም፣ ማንም ቆንጆም አይደለም። ያስገረማት ይኼ የመጨረሻው ነው። ኃጢአት ሁሉ ቢያንስ ቆንጆ ይሆናል ብላ ነበር የኖረችው።

ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንድ ባዶ ወንበር አጠገብ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና ማየት ጀመረች። አየች፤ አየች። የቀዶ ጥገና ጠባሳ፣ የተጣመመ ጉልበት፣ ከፀሐይ የተደበቀ ነጭ ምልክት የሌለው ትከሻ። ከዚያ ሳታስበው አሎይስ መጣባት። ከባሏ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ መብራት በርቶ ግን አያውቅም። በመጨረሻ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ሲቀር ገላውን የምታጥበው እሷ ነበረች፤ ያውም የሰፈሩ መነኩሲት እንዳሳየቻት፣ አንሶላ ሸፍኖ፣ አንድ ክንድ ገልጦ አጥቦ ሸፍኖ፣ ከዚያ ሌላውን ክንድ፣ ከዚያ አንድ እግር። አራት ዓመት ሙሉ አጠበችው፤ በቁራጭ በቁራጭ ታውቀዋለች። ሙሉውን፣ ከራሱ እስከ እግሩ አንድ ላይ ሆኖ፣ አንድም ቀን ሳታየው ቀበረችው። ጋዜጣ የሚያነበውን ሽማግሌ ጀርባ ከአንገቱ እስከ ወገቡ በዓይኗ ተከተለችው።

«ሴትዮ!» የሚል ድምፅ ከበላይዋ መጣ። ቀና ብትል ወደ ሰባ የሚጠጋት፣ እንደ ዳቦ ቅርፊት የጠቆረች፣ ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሰፊ ሴት፣ በክር ካንጠለጠለችው መነጽር በቀር ምንም ሳይኖራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። «እዚህ ለብሶ የሚቀመጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ አፍጣጭ ነው። አንቺ የትኛው ነሽ?»

ኖትቡርጋ ፊቷ በእሳት የተለበለበ መሰላት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማየት ነው የመጣሁት።»

«አፍጣጭ ናት!» አለች ሴትየዋ ድንች ሰላጣ ወደሚበሉት ዞራ፤ ሳቁ።

«አፍጣጭ ሳልሆን አልቀርም» አለች ኖትቡርጋ፤ መዋሸት አልመጣላትም። «ግን እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም። ባል አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ሙሉ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሴትየዋ መሳቋን ተወች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትንሽ አጤነቻትና ፎጣዋን አሸዋው ላይ ዘርግታ አጠገቧ ተቀመጠች። «በይ ስሚኝ። በመጀመሪያ እዚህ አንቱታ የለም፤ አንቱታ ከልብስ ጋር ይሰቀላል። ከተማ ውስጥ ከተገናኘን ያኔ አንቱ እንባባላለን። ሁለተኛ፣ በገዛ ፎጣሽ ላይ ነው የምትቀመጪው። ሦስተኛ፣ ስታወሪ ፊት ላይ ነው የሚታየው፤ የቀረውን ባሕሩን ስታዪ እግረ መንገድሽን ታዪዋለሽ፣ ማንም አይቆጥርብሽም። የአባት ስምና ሥራ አይጠየቅም። ጉንዱላ ነኝ።»

«ቡርጊ» አለች ኖትቡርጋ። ከአሎይስ በቀር በዚህ ስም የጠራት የለም፤ ለምን እሱን እንደሰጠች እሷም አላወቀችም።

ቀሚስ ለማውለቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የኖትቡርጋ ብዙ ፈጀ። ወንበሩ ጀርባ ሄዳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ቀሚሱን አጠፈች፣ እንደገና አጠፈች፣ የውስጥ ልብሷን ቀሚሱ መሐል ደበቀች፤ እንግዲህ ከማን እንደምትደብቀው እግዜር ይወቅ። ከዚያ ወጣች። ንፋሱ ሆዷን ነካት። ሆዷ በስልሳ አራት ዓመቱ ንፋስ ሲያገኘው የመጀመሪያው ነው፤ ደነገጠ፣ ከዚያ ደስ አለው። ደስታው ከጉሮሮዋ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ዙሪያዋን ቃኘች። ሽማግሌው ጋዜጣውን ገለጠ። ቦርጫሙ እንጨቱን ይመታል። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። አንዋሽ፣ ይኼ ትንሽ አናደዳት።

«በይ ውሃ!» አለች ጉንዱላ።

«ዋና አልችልም። እኛ ጋ ውሃው ወይ በረዶ ነው ወይ ገደል ይዞሽ የሚወርድ ነው።»

«ማን ዋኚ አለሽ? ግቢ ነው ያልኩሽ» አለችና ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። የባልቲክ ባሕር ነሐሴም ሆኖ ቀልድ አያውቅም። እንደምንም እየተንሸራተቱ፣ እየተደጋገፉ እስከ ደረታቸው ገቡ፤ ጉንዱላም እንደ ቤቷ ወንበር ተመቻችታ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። «አነጋገርሽ የደቡብ ነው» አለቻት። «ልክ እንደ ልጄ ባል። እሱም ከናንተ ተራሮች መሐል ነው የመጣልን። ወርቅ ልጅ ነው፤ የሚሠራ፣ የማይጠጣ፣ ልጄን ዓይኑ ላይ የሚያስቀምጣት። ግን ምን ያደርጋል፣ እናት አለችው።»

ኖትቡርጋ «ሁሉም እናት አለው» ልትል ነበር። ግን ያ የድሮ አመሏ ቀደማት። «ምን ዓይነት እናት?»

«ካቶሊክ! ፎቶዋን አይቻለሁ፣ ጥቁር ባርኔጣ ደፍታ፣ እስከ አገጯ ተቆልፋ፣ የምትቀበር ነው የምትመስለው። ልጁ ወደ ሰሜን ሊሄድ ሲል ምን እንዳደረገች ልንገርሽ? መስቀል አስይዛ አስማለችው። በሰው ፊት እርቃኑን ላይቆም! ይኸው ሦስት በጋ ሙሉ እኛ ሁላችን እግዜር እንደፈጠረን ሆነን፣ እሱ ቁምጣውን ታጥቆ ከምሰሶው ወዲያ፣ ከለበሱት ጋር ተቀምጧል። ስንጠራው 'ለእናቴ ምያለሁ' ይላል። እንግዲህ መሐላ ነው፣ ምን ትይዋለሽ?»

ውሃው ድንገት የበረደ መሰላት። ልጅ አላት፣ ከተራራ የመጣ፣ ቁምጣ ታጥቆ የሚቀመጥ፤ ባርኔጣውም የሷ ነው፣ ለፋሲካ የምትደፋው። መሐላ ግን የለም። እግዜር ምስክሯ ነው፣ ስለ ገላ ከልጇ ጋር አንድ ቃል ተለዋውጣ አታውቅም፤ ማስማል ቀርቶ። ሠርጋቸው ማዘጋጃ ቤት በሁለት ምስክር ሲሆን እሷ አሎይስን እያጠበች ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ነው የልጇን አማት እስከ ዛሬ ሳታያት የቀረችው። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ባሕር ዳር አንዲት ባርኔጣ የደፋች ክፉ ሴት ስትታማ ኖራለች፤ ስሟም ኖትቡርጋ ነው።

«ልጅሽስ?» አለች፤ ውሃውን በእጇ እየቀዘፈች።

«ልጄማ እዚሁ አሸዋ ላይ ያደገች ናት። ግን ባሏ ብቻውን እንዳይቀመጥ ብላ ለበሰች። የማታውቃትን ሴት መሐላ አክብራ፣ ሦስት በጋ ከኔ ተለይታ ከዚያ ወዲያ ትቀመጣለች። እኔ የማዝነው በዚህ ነው ቡርጊ። እዚህ ማታ ማታ ስለ ሁሉ ነገር እናወራ ነበር። አሁን እኩለ ቀን ላይ ዓሣ ያመጡልኛል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል፣ ከዚያ ይሄዳሉ።»

«ያቺን ሴት ብታገኚያት ምን ትያታለሽ?»

«ዛሬ ማታ ነው የማገኛት! ጥጃ ሥጋ እጠብሳለሁ፣ ቀሚስ እለብሳለሁ፣ 'እንኳን ደህና መጡ' እላለሁ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ስጠጣ እጠይቃታለሁ። 'ሴትዮ፣ የልጅሽ ገላ ምን አድርጎሽ ነው?' እላታለሁ።»

ኖትቡርጋ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር። «እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃል። ግን ብትናገር ልጇ በሚስቱና በአማቱ ፊት ውሸታም ሊሆን ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ እሷ እስክትሞት ያቺ ባርኔጣ የደፋች ሴት ሆና ልትቀር ነው። የቱን እንደምትመርጥ ሳትወስን ጉንዱላ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደ አሸዋው አየችና «ይኸው መጡ! ዓሣዬ መጣ» አለች።

ከውሃው ሲወጡ ቀሚሷ ወንበሩ ጀርባ እንደታጠፈ ነበር። መሮጥ ትችል ነበር። ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ፊቷን ወደ ጫካው አድርጋ ብትሄድ ማንም አይለያትም፤ ማታ ባርኔጣዋን ደፍታ ራት ላይ መቅረብም ትችላለች። ይልቅ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጉንዱላ አጠገብ ተቀመጠች። እግሯ እምቢ ብሏት ይሁን ልቧ እምቢ ብሏት እንጃ።

ሩፐርት በሁለት እጁ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሽንኩርት የሞላበት ዓሣ በዳቦ ይዞ፣ ዓይኑን አሸዋው ላይ ተክሎ መጣ። ዊብከ ከኋላው ናት። «እንደምን ዋላችሁ» አለ ለአሸዋው። ጉንዱላ ወረቀቱን ተቀበለችውና «ልጄ፣ ለዚች ወዳጄ ደግሞ አንድ ግዛላት። ያገርህ ሰው ናት፣ ቡርጊ ትባላለች» አለችው። ያን ስም ሲሰማ ቀና አለ። በዚያ ስም የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ያውቃል።

«እማ?»

ዊብከ አፏን በእጇ ያዘች። ጉንዱላ አንዴ ሩፐርትን፣ አንዴ ኖትቡርጋን አየች፤ እንደ ዳቦ ቅርፊት የነበረው ፊቷ ቀላ። «ኧረ የኔ እናት» አለች ቀስ ብላ። «ባርኔጣዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ኖትቡርጋ። ልጇን አየችው። ሰላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግን አሁን ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ካህኑ በር ሲያንኳኩ አልጋ ሥር የሚገባው የዚያ ሕፃን ፍርሃት ነው። ከልጅ ስም የእናት ስም ቢቆሽሽ ይሻላል አለች በልቧ። ለእሷ ምን ይቀርባታል? ሳምንቱ ሲያልቅ ባቡር ትሳፈራለች። «አስምዬው ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እውነት ነው። ሞኝነት ነበር። ዛሬ ግን ያለውን በዓይኔ ስላየሁ መሐላውን ፈትቼለታለሁ።»

ስጦታ የሰጠችው መስሏት ነበር። ሙሉውን ግን ስጦታ አልነበረም፤ ከስጦታው ጋር ትንሽ ቅጣትም ጣል አድርጋበታለች። «ተፈታህ!» ብላ ጉንዱላ አጨበጨበች። «ሰማህ? እናትህ ፈታችህ! በል አውልቅ እንግዲህ!» ዊብከ ባሏን ሳትጠብቅ እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ ያን የሚከረክራትን ማሰሪያ ፈታች፣ የዋና ልብሱን እናቷ ወንበር ላይ ወረወረችው፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ሦስት በጋ!» ብላ ጮኸች። የድንች ሰላጣዎቹ አሮጊቶች አጨበጨቡላት። ከዚያ ሁሉም ወደ ሩፐርት ዞረ። ሩፐርት ቁምጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ኖትቡርጋ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ መሐላውን ስትፈታለት ብቸኛ መሸፈኛውን ነው የገፈፈችው።

«አልፈልግም» አለ።

«ምን?» አለች ዊብከ፣ እጇ አየር ላይ እንዳለ።

«ማውለቅ አልፈልግም። ያኔም አልፈለግኩም።» ወደ ጉንዱላ ዞረ። «እማዬ አላስማለችኝም። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት። አፍሬ ነው። እናንተ ደግሞ ስትስቁ፣ ማፈሬን ለመናገር አፈርኩ። 'እናቴ' ስላችሁ ሁላችሁም ዝም አላችሁ፤ ስለዚህ እናቴ አልኩ።»

ጉንዱላ «አንተ ልጅ» አለች፤ «ማን አስገደደህ? ከነካፖርትህ ብትቀመጥ ማን ይነካሃል?»

«በዚያ ምላስሽ?» አለች ኖትቡርጋ። «እኔን ገና እንዳየሽኝ ወይ ፖሊስ ወይ አፍጣጭ ብለሽኛል። እኔ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ቻልኩት።» ጉንዱላ አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ ጎረቤቶቿ እንደሚመሰክሩት እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ባሕር ዳር ታይቶ አይታወቅም። ዊብከ ወደ ባሏ ሄዳ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ትሳቅ ወይ ታልቅስ አልታወቀም። «ሦስት በጋ» አለችው እንደገና፣ አሁን በሹክሹክታ፤ «አንተ ደንቆሮ። ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ እኔ ራሴ ቁምጣ እገዛልህ ነበር።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ከዚያ እናቷን ይዛ፣ ሆን ብላ ይመስላል፣ ወደ ውሃው ወሰደቻት።

እናትና ልጅ ቀሩ። ሩፐርት ፎጣዋ ጫፍ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ወደ ባሕሩ ዞረዋል። «ይቅርታ፣ እማ» አለ።

«በስሜ መነገድህ አይደለም የከፋኝ» አለች። ቁጣዋ አሁን ነበር የመጣው። «እሱንማ ልሸከምልህ ነበር። ዛሬ ጧት ያልከው ነው። 'ብታይ ታለቅሳለች' አልክ። ግድግዳው ሳንቃ ነው፣ ሰምቻለሁ። ከየት አመጣኸው? ምን እንደሚያስለቅሰኝ፣ ምን እንደሚያስቀኝ፣ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግከውን ብለህ። የፈለግከውን ሩፐርት! በየእሁዱ ትደውላለህ። 'ደህና ነሽ አይደል' ትላለህ። እሱ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም 'ደህና ነኝ' እላለሁ፣ አባትህም እንዲሁ ኖሮ እንዲሁ ሄደ። እኔ ግን ገና አለሁ።»

ሩፐርት አሸዋውን በጣቱ ይጭራል። ሽማግሌው ጋዜጣውን አጥፎ ተኛ። ከውሃው የዊብከና የእናቷ ጨዋታ በንፋሱ ተቆራርጦ ይመጣል፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ነው፣ ቶሎ የሚያልቅ አይመስልም። ኖትቡርጋ ቀሚሷን ለማምጣት ልትነሳ አሰበችና ተወችው። ልጇ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረና አያት፤ እርጥብ ፀጉሯን፣ ፎጣ የጣለችበትን ትከሻዋን፣ ከቅዝቃዜው የቀላ አፍንጫዋን።

«ውሃው እንዴት ነበር?» አለ።

ኖትቡርጋ ከዚህ ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም፤ በ«ደህና» ልታሳልፈው አልፈለገችም። እግሯን ሰበሰበችና ወደ እሱ ዞረች።

«መጀመሪያ ጉልበት ነው የሚይዘው» አለች። «ከዚያ ሆዴ ጋ ሲደርስ ጮህኩ። ጮህኩ ስልህ፣ ያቺ አማትህ ደንግጣ ልትለቀኝ ነበር። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ…»